ዳዶውን አትንኩ

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። የቀኝ ክንዴ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ስለገጠመ እስክሪብቶ ሲይዝ ይደነዝዛል። ለነገሩ ቀኙም ቢሆን እምብዛም የተማረ እጅ አልነበረም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም ግማሹን በሬ ስጠብቅ እየቀረሁ። የልጅ ልጄ “አባ፣ እርስዎ ይንገሩኝና እኔ ልጻፍልዎ” ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። የእኔን ክንድ የሰበረ ነገር በሌላ ሰው እጅ አይጻፍም።

ይመር እባላለሁ፤ ቤቴ ኮምቦልቻ ነው። አባቴ ደም አስታራቂ ነበር፣ እኔም ከሱ ወረስኩት። በእኛ አገር ሰው ሰው ከገደለ ወህኒ ቤት ታስሮ መውጣቱ ብቻ አይበቃም። መንግሥት ሰውየውን ይፈታዋል፣ ደሙን ግን አይፈታውም። ሽማግሌ ገብቶ እስኪያስታርቅ ድረስ ሁለቱ ወገኖች እሳትና ውሃ አይቀባበሉም፣ ለቅሶ አይደራረሱም፣ ባንድ መንገድ ከተገናኙ አንዱ ሬሳ ሆኖ ይቀራል። ስንቱን ቀብሬያለሁ።

ከማል የሚባል ሰው ከኮምቦልቻ በታች ባለችው በደጋን ከተማ አቅራቢያ በመስኖ ተራ ተጣልቶ ሁሴን የሚባለውን ጎረቤቱን በአካፋ መታው። አንዴ ነው የመታው፤ አንዱ በቃው። ሁሴን ቦዩ ውስጥ በግንባሩ ተደፋ፣ ውሃውም ተራውን ሳይጠብቅ ቀይ ሆኖ ወደ ከማል ማሳ ገባ። ከማል ታሰረ፣ ዓመቱን ጨርሶ ደሴ ላይ ተፈታ። እኔ ደግሞ እሱ ሳይፈታ ጀምሬ የሁሴንን ወገን ስማፀን ከርሜ ነበር። አባቱን ጠየቅሁ፣ አጎቶቹን ጠየቅሁ፣ የአጎቶቹን ልጆች አንድ ባንድ ጠየቅሁ። ስድቡንም ጠጣሁ፣ በሩም ተዘጋብኝ። በመጨረሻ “በጀ፣ አምጣው” አሉኝ። ቀን ተቆረጠ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ደጋን ከዋርካው ሥር ላደርሰው ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። ገዳዩ ከተረከብኩት ጀምሮ እስከ ዋርካው ድረስ በእኔ እጅ ነው። ማንም አይነካውም። እሱም ውሃ አይቀምስም፣ ቢመቱትም እጁን አያነሳም። ካነሳ ዕርቁ ፈረሰ። እኛ ከቀጠሮው ብንዘገይ ደግሞ “ናቁን” ይሉና ይነሳሉ። የሁሴን አጎት ልጆች ዋርካ ሥር ባዶ እጃቸውን የሚቀመጡ ሰዎች አይደሉም። ያን ቀን ዕርቁ ቢፈርስ ከማል እንደሚገደል፣ በከማል ፈንታ ደግሞ ሌላ ሰው እንደሚገደል ልክ እንደ ስሜ አውቅ ነበር።

የወሰደን ሳሙኤል ነው፣ የጎረቤቴ ልጅ። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ እኛ እስላም ነን፣ ግድግዳችን ግን አንድ ነው። ሳሙኤል ትልቅ ሰው ነው፣ የልጆች አባት፤ መኪናዋን ከገዛ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ዋዜማውን ደሴ ወጥተን አደርን። ጧት ከማልን በጋቢ አከናንበን ከኋላ አስቀመጥነው። እኔ ከፊት ገባሁ። ሳሙኤል ቁልፉን ሲያዞር ከመሪው ፊት አንዲት ብርቱካንማ መብራት በራች። የተሰነጠቀ ድስት ትመስላለች፣ መሀሏ ዱላ ቆሞ ከሥሩ ነጥብ አለ።

“ይህ ምንድነው?” አልኩት።

“የጎማ ነው አባ። ነፋስ ሲጎድል ነው የሚበራው።”

“ታዲያ ጎደለ?”

“ኧረ ብርድ ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ የተነፋ ጎማ ደሴ ሲያድር ይኮማተራል። ባደርኩ ቁጥር ትበራለች። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ትጠፋለች።”

“ቢሆንም ወርደህ እየው።”

“አይቼዋለሁ፣ በእግሬ መትቼዋለሁ። ደህና ነው።”

ከማል ከጋቢው ውስጥ፣ “በእርግጫ የሚናገር ሰው እንጂ ጎማ አላየሁም” አለ። ከተፈታ ጀምሮ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ነበር። ሳሙኤል ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከከተማው ወጥተን ሐረጎ አፋፍ ልንደርስ ስንል መኪናዋ ጭራዋን እንደ ሰነፍ አህያ ታወዛውዝ ጀመር። ሳሙኤል ዳር ይዞ ወረደ። የኋላ ግራው ጎማ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል።

“ብርዱ ይሄ ነው?” አልኩት።

“አባ፣ አሁን አይቆጡኝ።”

“ትርፍ ጎማህስ?”

“ለወንድሜ አውሼዋለሁ።”

ማዶ አንድ የጎሚስታ፣ የጎማ ጠጋኝ፣ ቤት ነበር፤ በሩ ላይ አሮጌ ጎማዎች ተደርድረዋል። ሳሙኤል መኪናዋን እያዘገመ ወሰዳት። ከውስጥ አንድ ትከሻው የሰፋ፣ ጎልማሳ ሰው ወጣ። ሰላምታ ሰጥቶን፣ ጎማው ላይ የሳሙና ውሃ አፈሰሰና አረፋው የሚፈላበትን በጣቱ አሳየ። “ሚስማር ነው። ውረዱ።”

“ከኋላ ያለው አሞታል፣ ይቀመጥ” አልኩት።

“አባቴ፣ በክሪክ በተነሳ መኪና ውስጥ ሰው አይቀመጥም። ቢወድቅበት ማን ይጠየቃል? ይውረድ።”

“አይወርድም።”

“እንግዲያው አልሠራም።”

እኔም ግትር ነኝ፣ ሰውየውም ግትር ነበር። ፀሐይዋን አየሁ። ከማል ራሱ በሩን ከፍቶ ወረደና ጋቢውን ሳብ አድርጎ ከግድግዳው ሥር ቆመ። ጎሚስታው መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ጎማውን አወለቀ፣ ሚስማሩን በፒንሳ ይዞ ነቀለ። ያ አፋፍ ነፋስ የሚያጣበት ጊዜ የለም። ነፋሱ መጣና ጋቢውን ከከማል ራስ ላይ ገፎ አንገቱ ላይ ጣለው።

ሰውየው ቀና አለ። አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሚስማሩን ሲያገላብጥ ቆየ።

“አባቴ” አለኝ ሳያየኝ፣ “ይህ በሽተኛ ስሙ ማን ነው?”

“እንግዳዬ ነው።”

“ስሙን ነው የጠየቅሁዎት።”

ያቺ ‘አሞታል’ ያልኳት ራሷ በግድ ነው የወጣችኝ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ለመዋሸት ምላሴ አይፈታልኝም። ከማል ግን፣ “ከማል እባላለሁ” አለ።

ሰውየው ፒንሳውን በቀስታ መሬት አስቀመጠ። ጎማ የሚያወልቅበትን ረጅም ብረት አነሳ። እንዲያው ለሥራ የሚያነሳው ነበር የመሰለኝ። መጀመሪያ ትከሻውን መታው። ከማል አልጮኸም፤ በጉልበቱ ወረደ። ሁለተኛው አገጩ ላይ አረፈ፣ ጥርስ ከደም ጋር ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ከማል ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ሰጋጅ ተቀምጧል። አላነሳቸውም። ብዙ ጠብ አይቻለሁ፤ እጁን ሳያነሳ የሚደበደብ ሰው ማየት ግን የከፋ ነው። የመቺውንም ዓይን ይበልጥ ያቀላል።

ሳሙኤል ከኋላ ሰውየውን አቅፎ ያዘው። ሰውየው በክርኑ አፍንጫውን ብሎ ጣለው። ብረቱ ለሦስተኛ ጊዜ ከፍ ሲል የከማልን አናት እንደሚያገኝ አየሁ። ገባሁ። ክንዴን ሰደድኩ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ፣ የራሴ መሆኑን ያወቅሁት ጣቶቼ አልታዘዝ ሲሉኝ ነው። በግራ እጄ ጥምጥሜን አውልቄ ከእግሩ ሥር ጣልኩት። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ጥምጥሙን ከጣለ የተጋደለም ይቆማል። የሚረግጠው የለም።

ረገጠው። ቅባት በጠጣ ጫማው ረግጦ አልፎ ወደኛ መጣ። ምንም የቀረኝ ነገር ስላልነበረ ከማል ላይ ተኛሁበት።

“ተነስ አንተ ሽማግሌ” አለኝ። አንተ አለኝ። “ተነስ፣ ካንተ ጠብ የለኝም።”

“አልነሳም። ከእኔ ጀምር። አንተ ማን ነህ?”

“ወንድሙ ነኝ።”

“የሁሴንን ወንድሞች አውቃለሁ። አንተን አላውቅህም።”

“የእናቱ ልጅ ነኝ። ታደሰ ነው ስሜ። እናቴ መጀመሪያ እዚህ ደሴ ክርስቲያን አግብታ እኔን ወለደች፣ አባቴ ሲሞት ደጋን ወርዳ እስላም አግብታ ሁሴንን ወለደች። በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግሁት። ትምህርት ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ፍርድ ቤት በቀጠሮው ሁሉ ቆሜ የዚህን ውሻ ፊት ሳጠና የነበርኩ እኔ ነኝ።” ብረቱን ወደ ከማል ጠቆመ። “ዕርቅ አለ ሲሉ በወሬ ሰማሁ። አንድ ሰው መጥቶ፣ ታደሰ አንተስ ምን ትላለህ ያለኝ የለም። አንተ ነህ አይደል አስታራቂው? ጠይቀኸኛል?”

አልጠየቅሁትም። ልጠይቀውም አልችልም ነበር። ደም በአባት ነው የሚቆጠረው። ከአያት ቅድመ አያት የመጣው ሕግ ነው፤ የእናት ልጅ በደም ጉዳይ ሸንጎ አይቀመጥም። እናቱን፣ ወይዘሮ ዘሀራን፣ ቤቷ ገብቼ ስንቴ አጽናንቻታለሁ፤ ከዚህ ትዳር በፊት ወልደሻል ወይ ብዬ ግን ጠይቄያት አላውቅም። የሚጠይቅ ሽማግሌም አላውቅም።

“ሕጉ አያዝዝም” አልኩት፣ እዚያው እንደተጋደምኩ።

“ሕጉን ቅበረው።”

ከሥሬ የከማል ደም ሸሚዜን ያርሰዋል። አሰብኩ። ወላሂ፣ ከዚያ በፊት በሕይወቴ ሕግ አፍርሼ አላውቅም።

“እንግዲያው ዛሬ ልጠይቅህ” አልኩት። “ታደሰ፣ የወንድምህን ደም ትለቃለህ ወይስ አትለቅም? አልለቅም ካልክ ይህን ሰው ይዤ ወደ ደሴ እመለሳለሁ። ደጋን ለሚጠብቁኝም የሁሴን ወንድም እምቢ ብሏል እላለሁ። ዕርቁ ይፈርሳል፣ የሚመጣው ይመጣል። ቃሉ ያንተ ነው።”

ሳሙኤል አፍንጫውን ይዞ ከመሬት፣ “አባ፣ ምን እያሉ ነው?” አለ።

“ዝም በል። እሱን ነው የጠየቅሁት።”

ከባድ መኪና እያቃሰተ አለፈ። ታደሰ ብረቱን ጣለው። ጥምጥሜን አነሳ፣ አራገፈው፣ ሰጥቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ደረቴ ላይ አገኘሁት። ሄዶ ጎማው ሥር ተቀመጠና ቀዳዳውን ይደፍን ጀመር።

“መልስህስ?” አልኩት።

“ሥራዬን ልጨርስ።”

ደፈነው። ነፋስ ሞላው። ጎማውን መልሶ ሰካና ዳዶዎቹን፣ ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያስሩትን ማለቴ ነው፣ ያስር ገባ። ጀርባውን ሰጥቶናል። እጁን ማየት አልቻልንም። የብረቱን ሲጥጥታ ብቻ ሰማን። ክሪኩን አወረደ፣ ተነሳ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

“ሂዱ።”

“መልስህን ሳትነግረኝ?”

“ሂዱ አልኩ። መልሴን ታች ትሰሙታላችሁ።”

አንባቢ ሆይ፣ ሐረጎን ካላወቅኸው ልንገርህ። ታች የምንለው ኮምቦልቻንና ደጋንን ነው፤ እዚያ ለመድረስ ገደል ታቅፈህ እየተጠማዘዝህ ትወርዳለህ። አንድ ጎማ ቢወልቅ የሚሰበሰብ ሬሳ እንኳ አይገኝም። ታች ትሰሙታላችሁ ያለን ሰው ደግሞ አሁን ወንድሙን የገደለውን ሲደበድብ የነበረ፣ ዳዶውንም ብቻውን ጀርባውን ሰጥቶን ያሰረ ሰው ነው።

ሳሙኤል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። አፍንጫው አብጦ ድቡልቡል ሆኗል። “አባ፣ መፍቻ አለኝ። አንዴ ብቻ ልሞክራቸው።”

“አትነካም።”

“ቢያላላቸውስ? ልጆች አሉኝ እኮ።”

“ታደሰ በሩ ላይ ቆሞ እያየህ ነው። መፍቻውን ካነሳህ ነፍሰ ገዳይ ነህ አልከው ማለት ነው። ያኔ መልሱን እዚሁ እንሰማዋለን። ከፈራህ ቁልፉን ስጠኝና ውረድ።”

“እርስዎ መንዳት አይችሉም።”

“በአንድ እጄ እማራለሁ።”

ከማል ያበጠ አፉን በጋቢው ጠርጎ፣ “ዳዶውን አትንኩ” አለ። ከዚያ በቀኝ በኩል ይቀመጥ የነበረው ዞሮ በግራ በኩል ገባ፤ ከተጠገነው ጎማ አናት ላይ ተቀመጠ። “የሚወልቅ ከሆነ ከእኔ በታች ይውለቅ።”

ወረድን። ብርቱካኗ መብራት አልጠፋችም።

“ነፋስ ተሞልቶ ለምን ትበራለች?”

“ጥቂት መንዳት ትፈልጋለች አባ። ወይም… እንጃ።”

ክንዴን በጥምጥሜ አስሬ ደረቴ ላይ ይዣለሁ፤ መኪናዋ በተጠመዘዘች ቁጥር አጥንቱ እርስ በርሱ ይፋተጋል። ከኋላ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ሳሙኤል “ኢየሱስ” አለ፣ እኔ “ያረቢ” አልኩ፣ ከማል ምንም አላለም። ፍሬን ሲይዝ ቀጭታው ይቀንሳል፣ ሲለቅ ይፈጥናል። ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ መኪና እየተንፏቀቀ ይወርዳል፤ በቀኝ ግድግዳው፣ በግራ፣ ከማል በተቀመጠበት በኩል፣ ባዶ። የሳሙኤል እጅ በላብ ርሶ መሪው ላይ ይንሸራተታል።

“ላቁም አባ?”

“ንዳ።”

“እንሞታለን።”

“ብንሞት እሱ ነው የገደለን፣ እኛ ግን አልጠረጠርነውም። ንዳ።”

ድንገት ጣ አለ፣ ከሥር አንድ ነገር ተፈናጥሮ ቦዲውን መታው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀጭታው ቆመ። ጎማው ላይ ተሰክቶ የነበረ ጠጠር ኖሯል። ትንሽ እንደሄድን ብርቱካኗ ድስት ጠፋች። ሳሙኤል ሳይቆም፣ ሳይስቅ፣ እየነዳ አለቀሰ።

ደጋን ስንደርስ ዙህር ተሰግዶ ነበር። የሁሴን አጎት ልጆች ተነስተው ቆመዋል። ዱላ የያዘው ዱላውን፣ ጠመንጃ የያዘው ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዷል። ከማል ደም በደም ሆኖ፣ እኔ ክንዴን አንጠልጥዬ ስንወርድ ጩኸቱ ረገበ።

“ሽማግሌውን ማን መታው?” አለ ትልቁ አጎት።

የታደሰን ስም ብጠራ በሸንጎ ፊት አረከስኩት፣ ብደብቅ ዋሸሁ። አፌን ከፍቼ የሚወጣውን ስጠብቅ ከሴቶቹ መሀል ወይዘሮ ዘሀራ ተነሳች። ስልኳ እጇ ላይ ነው።

“ልጄ ነው የመታው” አለች። “ታዴ። ደውሎልኛል።” ድምጿ ይቆራረጣል። “እማ፣ ጎማቸውን ሠርቼ ሰድጃቸዋለሁ፣ ዳዶውን አጥብቄዋለሁ፣ ሲደርሱ ይህን ንገሪያቸው አለኝ። ሌላ አላለኝም።”

ማንም አልገባውም። ለእኔ፣ ለሳሙኤልና ለከማል ብቻ ገባን። ከማል፣ በዚያ ሁሉ ዱላ ያልወደቀው ሰውዬ፣ ያን ጊዜ በግንባሩ ወደቀ።

“የሁሴን ወንድም ደሙን ለቋል” አልኩ ለሸንጎው። “ወንድሙ ነው፤ የእናቱ ልጅ። ሕጉ አይቆጥረውም፤ እኔ ቆጥሬዋለሁ። የማይቀበል ካለ ይናገር።”

አጎትየው አጉረመረመ። ክንዴን አየ፣ ዘሀራን አየ፣ ተቀመጠ። በጉ ታረደ፣ ዱአው ተደረገ፣ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ጣሳ ውሃ ጠጡ። ከማል የጠጣው ውሃ ቀልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደም ሳስታርቅ የእናትን ልጅ ሳልጠይቅ አልነሳም። አንዳንድ ሽማግሌዎች “ይመር ሕግ አበላሸ” ይሉኛል። ይበሉ። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ሽምግልና ስትቀመጡ ያልተጠራው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ያልጠራችሁት ሰው መንገድ ላይ ይጠብቃችኋል፣ ያውም ብረት ይዞ። ሁሉም ደግሞ ታደሰ አይደለም።

ወራት አልፈው ሳሙኤል ያን ጎማ ሊቀይር ፈለገ። ዳዶዎቹ እምቢ አሉት። መፍቻው ጎበጠ፤ ቧንቧ ቀጥሎ ቆመበት፣ ወይ ፍንክች። “ያሰረው ይፍታው” አልኩትና ወጣን። ታደሰ በሩ ላይ ነበር። ክንዴን አየ፣ አቀረቀረ። ዳዶዎቹን እሱም ቢሆን በስንት ትግል ፈታቸው።

“ይህን ያህል ማጥበቅ ምን ይባላል?” አለው ሳሙኤል። “ለእኛ አስበህ ነው?”

“ለእናንተ አይደለም” አለ። ውሃ በጆግ አመጣልኝ፣ በግራ እጄ ተቀበልኩት። “አባ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ብረቱን ከጣልኩ በኋላም ጉልበቱ ከክንዴ አልወጣም ነበር። የሆነ ነገር ላይ ማለቅ ነበረበት።”

ውሃውን ጠጣሁት።